ሰርቨራችንና «ዘበኛ»፦ ከማጥፋቷ በፊት የምትጠይቅ ትንሽ መሣሪያ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሰርቨር ምን አግብቷት ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እስከ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ድረስ የምለው ይህንኑ ነበር። ዜና መጻፍ፣ ድምፅ መቅዳት፣ ፎቶ ማንሳት የእኛ ሥራ፤ ሰርቨሩ ደግሞ የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ። ነገር ግን የተማሪዎች ጋዜጣችን ከወረቀት ወደ ድረ ገጽ ከተሸጋገረ ወዲህ መዝገብ ቤታችንም፣ የፎቶና የድምፅ ክምችታችንም ያው አንዱ ሰርቨር ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሰርቨር ለማስተዳደር የሠራኋት «ዘበኛ» የምትባል መሣሪያ እንዴት እንደተጫነችና እንዴት ቀስ በቀስ እንዳደገች ለማስረዳት እሞክራለሁ። ፕሮግራመር አይደለሁም። እንዲያውም ዘበኛ የተወለደችው ፕሮግራመር ካለመሆኔ የተነሣ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሚያዝያ ወር የድረ ገጹን ፎቶዎችና የድምፅ ፋይሎች ወደ ላብራቶሪው ኮምፒውተር እንድገለብጥ ተነገረኝ። «ኤስሲፒ» በሚባለው ትእዛዝ መገልበጥ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ኤስሲፒ ደግሞ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከሀ ይጀምራል። ስለዚህ የመጣውን ግማሽ ቅጂ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር አልኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር መስኮቶች ተከፍተዋል፤ አንዱ የላብራቶሪው ኮምፒውተር፣ ሌላው ሰርቨሩ ነው። በሁለቱም ላይ ከመጻፊያው ቦታ በፊት የሚነበበው ስም «ኡቡንቱ» ነው፤ ሲጫኑ የራሳቸውን ስም ያወጣላቸው ሰው አልነበረምና። «አርኤም» የሚለውን የማጥፊያ ትእዛዝ ጻፍኩ፣ የፎልደሩን ስም ጨመርኩ፣ ኢንተርን ተጫንኩ። ምንም አላለኝም። ሊኑክስ ሥራው ሲሳካለት ዝም ነው የሚለው። ስህተቴ የገባኝ ድረ ገጹን ስከፍት ነው። ጽሑፉ አለ፤ በየፎቶው ቦታ ባዶ ሳጥን ተቀምጧል።

ጽሑፎቹ ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚቀመጡ ተረፉ። ከፎቶዎቹ ገሚሱ ላጠፋው ባሰብኩት በዚያው ጎደሎ ቅጂ ውስጥ ተገኘ። ጥቂቱን ደግሞ ከተማሪዎች ስልክ ለቅመን መለስን። ከጠፉት መካከል አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት የሰጡን የአንድ ሰዓት ያህል ቃለ ምልልስ አለ። የቀዳችው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «ሰርቨር ላይ አለ» ብላ ከስልኳ አጥፍታዋለች። እናቲቱን ደግመን እንዳናነጋግራቸው ታመው ነበር፤ ክረምት ላይ አረፉ።

የኮሌጁን ኮምፒውተሮች የሚይዙትና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለሙያ ሲሰሙ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ማሽኑ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቅ እንዲያጠፋ አድርገን የተውነው እኛ ነን» አሉኝ። ቀጥለውም «እስኪ አንቺው የሚጠይቅ ነገር ሥሪለት» አሉ። እኔ የመሰለኝ ማጽናኛ ነበር፤ ለካስ የቤት ሥራ ኖሯል።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንጀምር። ሰርቨር ማለት ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ሌሎች ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት የሚመልስ ኮምፒውተር ነው። ብዙውን ጊዜ ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። የእኛው በኪራይ የተያዘ ስለሆነ ከመካከላችን በዓይኑ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ የምናዘው ከሩቅ ሆነን በጽሑፍ ነው፤ የትእዛዝ መስመር ወይም ኮማንድ ላይን የሚባለው ይኸው ነው። ትጽፋላችሁ፣ ኢንተርን ትጫናላችሁ፣ ማሽኑ ያደርጋል። እንዳሰባችሁት ሳይሆን እንደጻፋችሁት። ጋዜጣ ላይ ሪፖርተር የጻፈው በአርታኢ እጅ አልፎ ነው አንባቢ ዘንድ የሚደርሰው፤ ቢሳሳትም በማግስቱ «እርማት» የሚል ሳጥን አለ። ትእዛዝ ግን እንደተጻፈ ወዲያው «ይታተማል»። ዘበኛ ማለት እንግዲህ በጸሐፊውና በማሽኑ መካከል የተቀመጠች አርታኢ ናት። (ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን የጻፍኩት ሲነበቡ እንደሚሰሙት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት።)

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከሩቁ ማሽን ጋር የሚያገናኘን «ኤስኤስኤች» ነው። የዚህ ፕሮግራም አነሳስ ራሱ ዜና ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ አንድ ሰው የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ተክሎ ተገኘ። በጊዜው ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው «ቴልኔት» የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን፣ በግልጽ ነበር የሚልከው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ያነበዋል ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ታቱ ዩሎነን የሚላከውን ሁሉ በምስጢር ጽሑፍ የሚሸፍን ፕሮግራም በዚያው ዓመት ጽፎ ለሕዝብ ለቀቀ። የበር ቁጥሩ 22 ነው፤ ሊተካቸው ባሰባቸው በኤፍቲፒ 21 እና በቴልኔት 23 መካከል ክፍት የነበረውን ቁጥር ጠይቆ ነው የተሰጠው። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ግን «ኦፕን ኤስኤስኤች» የሚባለውንና የኦፕን ቢኤስዲ ሰዎች በ1999 ያወጡትን ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። ኡቡንቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ ከሌለ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኦፕን ኤስኤስኤች ክላየንት» ማለት ይበቃል። ማክ ላይም አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ከ2018 ወዲህ ባሉት እትሞች አብሮ ይገኛል። ሆኖም ዘበኛ የተጻፈችው በ«ባሽ» ስለሆነ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች «ደብሊው ኤስ ኤል» የሚባለውን፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያሠራውን ክፍል መጫን አለባቸው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቁልፍ ነው። እስከዚያ ድረስ የጋዜጣው ልጆች በሙሉ የምንገባው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነበር። ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ከዓመት ዓመት፣ ከተመራቂ ወደ ቀሪ ይተላለፋል። ማን ገብቶ ምን እንዳደረገ አይታወቅም። «ኤስኤስኤች ኪጄን» የሚለው ትእዛዝ ግን ሁለት ፋይሎችን ይፈጥራል። አንዱን እንደ ጓጉንቸር፣ ሌላውን እንደ መክፈቻው ቁጠሩት። ጓጉንቸሩን ለማንም ብትሰጡ ችግር የለውም፤ ሰርቨሩ ላይ ይሰቀላል። መክፈቻው ግን ከራሳችሁ ኮምፒውተር አይወጣም፤ በኢሜይልም በፍላሽም አይላክም። በሰርቨሩ በር ላይ የየሰዉ ጓጉንቸር ለየብቻው ስለሚንጠለጠል አንድ ተማሪ ሲመረቅ የእርሱን ብቻ ማውረድ ነው። ሌላው ሰው ምንም አይነካውም። ሁሉም ሰው ቁልፍ ካበጀ በኋላ በይለፍ ቃል መግባትን ጭራሽ ዘጋነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ በይለፍ ቃል መግባትን ከመዝጋታችሁ በፊት የገባችሁበትን መስኮት ሳትዘጉ በሌላ መስኮት በቁልፉ ገብታችሁ ሞክሩ። አለዚያ ራሳችሁን ውጭ ቆልፋችሁ ትቀራላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ ኤስኤስኤች አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የዚህን ማሽን ማንነት ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ የጣት አሻራው ይህ ነው፣ ልቀጥል ወይ? እስካሁን ያየሁት ሰው ሁሉ ሳያነብ «የስ» ብሎ ያልፋል። ይህ ነገር በተለይ እኛን ሊያሳፍረን ይገባል። አንድ ሰው ደውሎ «ከእገሌ መሥሪያ ቤት ነኝ» ቢለን ስልኩን ዘግተን በምናውቀው ቁጥር መልሰን እንድንደውል አይደል የተማርነው? አሻራውም እንዲሁ ነው። ጋሼ የሰርቨሩን አሻራ በወረቀት አትመው ላብራቶሪው ውስጥ ለጥፈውታል፤ አዲስ ገቢ ሁሉ ፊደል በፊደል ያስተያያል። አንዴ ከተቀበላችሁት በኋላ ኤስኤስኤች አሻራውን ይይዘዋል፤ አንድ ቀን ተለውጦ ቢያገኘው በትልልቅ ፊደል ይጮኻል። ያን ጊዜ ወይ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኗል፣ ወይ መሀል ላይ የገባ ሰው አለ። ጠይቃችሁ ሳታጣሩ አትለፉ።

ቀጥለን ለማሽኖቹ ስም አወጣን። ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በሚባለው፣ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በሚያስቀምጡበት ታላቅ ድርጅት የደረሰውን ሳነብ ግን እንባዬ ነው የመጣው። እኔን ነው የሚያወራው! አንድ መሐንዲስ ሌሊት ላይ የተበላሸ መጠባበቂያ ዳታቤዝ ለማስተካከል ፎልደሩን አጠፋ። የነበረበት መስኮት ግን የመጠባበቂያው ሳይሆን የዋናው ሰርቨር ነበር። ነቅቶ ሲያቋርጠው ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው ዳታ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነው። በመጨረሻ ስድስት ሰዓት ያህል በቆየ ቅጂ ድርጅቱ ሥራውን ቀጠለ፤ በዚያ መሀል በዳታቤዙ ውስጥ የተመዘገበው ግን ቀረ። እኔን የገረመኝ አልደበቁትም። ማዳኑን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ፣ በኋላም ምን እንደተበላሸ ዘርዝረው ጻፉ። ካቀዷቸው ማስተካከያዎች አንዱ በየሰርቨሩ መጻፊያ መስመር ላይ የሚታየው ጽሑፍ አንዱን ማሽን ከሌላው በግልጽ እንዲለይ ማድረግ ነበር። እኛም ይህንኑ አደረግን። ሰርቨሩን «ጋዜጣ»፣ የላብራቶሪውን ኮምፒውተር «ላብ» አልነው። የጋዜጣው ስም በቀይ፣ የላብራቶሪው በአረንጓዴ ይጻፋል።

አሁን ወደ ዘበኛ እንምጣ። የመጀመሪያዋ ዘበኛ አራት መስመር ነበረች። ባሽ ማለት ተርሚናሉ ላይ የምንጽፈውን የሚያነብልን ፕሮግራም ነው፤ ብራያን ፎክስ በ1989 ያወጣው። በእጅ የምንጽፋቸውን ትእዛዞች በተራ በአንድ ፋይል ውስጥ ብታስቀምጡ ፕሮግራም ሆነ ማለት ነው። እኔ የጻፍኩት ወደ ሰርቨሩ ገብቶ «ዲኤፍ» በሚለው ትእዛዝ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ፣ «አፕታይም» በሚለው ደግሞ ማሽኑ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው አይቶ የሚነግር ብቻ ነው።

አራት መስመር ሦስት ቀን ፈጀብኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ጽሑፉን የጻፍኩት ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ነበር። ወደ ሊኑክስ ወስጄ ሳስነሳው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይለኛል። ፋይሉ ፊት ለፊቴ አለ! ለካስ ዊንዶውስ በየመስመሩ ጫፍ ላይ በዓይን የማይታይ አንድ ተጨማሪ ምልክት ይተዋል። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር «ይህን የሚያነበው ባሽ ነው» የሚል ሲሆን ሊኑክስ ያንን ምልክት ከስሙ ጋር ደርቦ «ባሽ-ምናምን» የሚባል ፕሮግራም ይፈልጋል። «ዶስ ቱ ዩኒክስ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጭኜ በአንድ ትእዛዝ አጸዳሁት። ቀጥሎ ደግሞ «አልተፈቀደም» አለኝ፤ ፋይሉ መሮጥ የሚችል መሆኑን በ«ሲኤችሞድ» መንገር ያስፈልጋል። ቀጥሎ «ዘበኛ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» አለኝ። ሊኑክስ ትእዛዝ የሚፈልገው በታወቁ ፎልደሮች ውስጥ ብቻ ነው፤ የፎልደሮቹ ዝርዝር «ፓዝ» ይባላል። ፋይሉን ከነዚህ ወደ አንዱ፣ «ዩኤስአር ሎካል ቢን» ወደሚባለው ፎልደር ሳዛውረው ነው እፎይ ያልኩት።

ከዚህ በኋላ ዘበኛ ቃል ተማረች። ከስሟ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ታነባለች፦ «ዘበኛ እይ» ስትሏት ሁኔታውን ትነግራለች፣ «ዘበኛ ቅዳ» ስትሏት ትገለብጣለች፣ «ዘበኛ አጥፋ» ስትሏት... እሱን ቆይተን እናየዋለን። ቃሉን ካላወቀችው የምታውቃቸውን ዘርዝራ ታቆማለች። መገመት የሚባል ነገር የላትም፤ ይህን ሆነ ብዬ ነው ያደረግሁት።

ከመሠረታዊ ትምህርቶቹ ሁሉ ከባዱ ዝምታን መተርጎም ነው። በሊኑክስ ማንኛውም ትእዛዝ ሥራውን ሲጨርስ ለጠራው ቁጥር ይተዋል። ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል፤ ከዜሮ ሌላ ከሆነ አልተሳካም። ባሽ ግን ካልነገሩት በስተቀር አንዱ መስመር ቢወድቅም ወደሚቀጥለው ዝም ብሎ ያልፋል። እንግዲህ አንደኛው መስመር «ወደ አሮጌው ፎልደር ግባ»፣ ሁለተኛው «ያለውን ሁሉ አጥፋ» ቢል፣ ፎልደሩም በዚያ ስም ባይኖር ምን ይሆናል? መግባቱ ይከሽፋል፣ ማጥፋቱ ግን በቆመበት ቦታ ይፈጸማል። በጥር 2015 በሊኑክስ ላይ በሚሠራው «ስቲም» በሚባለው የጌም ፕሮግራም የታየው ስህተትም የዚህ ዘመድ ነው። የፎልደሩ ስም የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሲሆን «በዚህ ፎልደር ሥር ያለውን አጥፋ» የሚለው መስመር «ከሥሩ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ሆኖ ተነበበና የሰዎች የግል ፋይል ተጠረገ። ከመስመሩ በላይ ጸሐፊው «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር። ፈርቷል፤ ግን ጻፈው። ስለዚህ የዘበኛ የመጀመሪያ ትእዛዞች ሁለት ናቸው፦ አንድ መስመር ከወደቀ እዚያው አቁሚ፣ ባዶ ስም ካገኘሽ እዚያው አቁሚ።

ወደ «አጥፋ» እንመለስ። መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም የሚያደርገውን ነው፤ «እርግጠኛ ነሽ? አዎ ወይስ አይ» ብላ እንድትጠይቅ። በሁለተኛው ሳምንት እጄ ሳያስበው «አዎ» ማለት ለመደ። ጥያቄው ካላስቆመ ጥያቄ አይደለም። አሁን ዘበኛ መጀመሪያ የሚጠፉትን ፋይሎች ብዛት፣ ክብደትና የማሽኑን ስም ታሳያለች። ከዚያ የማሽኑን ስምና የፋይሎቹን ብዛት ራሳችሁ እንድትጽፉ ትጠይቃለች። «ጋዜጣ 12» ብሎ ለመጻፍ ማየት ግድ ነው። ያን ቀን «ኡቡንቱ 1» የሚል ብቻ ብትጠይቀኝ ኖሮ አያድነኝም ነበር፤ «ጋዜጣ» ብዬ ስጽፍ ግን እጄ ይቆም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛውን ጥበቃ የቀዳሁት ከአማዞን ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2017 በሰሜን ቨርጂኒያ ባለው «ኤስ3» በተባለው የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ የሚሠራ ባለሙያ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማውጣት በተለመደው መመሪያ መሠረት ትእዛዝ ጻፈ። ከትእዛዙ ውስጥ አንዱ ነገር በስህተት ተጻፈና ከታሰበው በላይ ብዙ ሰርቨር ወጣ። አገልግሎቱ ለአራት ሰዓት ያህል ታወከ፤ በላዩ የተመሠረቱ ብዙ ድረ ገጾች አብረው ቆሙ። የአማዞን የራሱ የሁኔታ መግለጫ ገጽ እንኳ ኤስ3 ላይ የተደገፈ ስለነበር ችግሩን በወቅቱ ማሳየት አልቻለም። ድርጅቱ በኋላ ባወጣው መግለጫ የተናገረው ማስተካከያ ግን ሰውየውን የሚመለከት አይደለም፤ መሣሪያውን ነው የለወጡት። ሰርቨር የሚያወጣው ቀስ እያለ እንዲሆን፣ ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን በታች የሚያወርድ ትእዛዝ ሲመጣም እንዳይቀበል ተደረገ። ዘበኛም ከ50 ፋይል በላይ በአንዴ አጥፊ ከተባለች እምቢ ትላለች። ከፋፍላችሁ ኑ ነው መልሷ። ልጆቹ ያማርራሉ፤ ያማርሩ።

ሦስተኛው ደግሞ «አጥፋ» እውነት አያጠፋም። ፋይሉን ቀኑ በስሙ ላይ ወደተጻፈበት ፎልደር ያዛውረዋል፤ በትክክል የሚጠፋው ከ30 ቀን በኋላ ነው።

አንድ ብልህ አንባቢ «ዘበኛን ትቼ አርኤም ብዬ በቀጥታ ብጽፍስ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ በር ያለው ግቢ አጥሩ ፈርሶ ከሆነ ምን ዋጋ አለው። ኤስኤስኤች ለዚህ መልስ አለው። ሰርቨሩ ላይ የአንድን ሰው ጓጉንቸር ስትሰቅሉ ከጎኑ «ይህ ሰው ሲገባ ይህን ፕሮግራም ብቻ አስነሣ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የጋዜጣው ልጆች ሁሉ እኔን ጨምሮ እንደዚያ ነው የምንገባው። ሙሉ ሥልጣን ያለው የጋሼ ቁልፍ ብቻ ነው።

የመገልበጡን ሥራ በኤስሲፒ ፋንታ ለ«አርሲንክ» ሰጠሁት። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ በ1996 ያወጡት ፕሮግራም ነው። ሁለቱን ወገን አነጻጽሮ የተለወጠውን ብቻ ይልካል፤ መብራት ወይም ኔት ቢቋረጥ እንደገና ሲነሣ የደረሰውን ደግሞ አያመጣም። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ግማሹን ቅጂ የማጥፋት ሐሳብም አይመጣልኝም ነበር። አርሲንክ ከዋናው የጠፋው ከቅጂውም እንዲጠፋ የሚያደርግ አማራጭ አለው። ንጹሕ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን አልጨመርኩትም። ሰርቨሩ ላይ የተሳሳትኩትን ቅጂው ተከትሎ ከተሳሳተ ቅጂ መያዙ ለምን አስፈለገ?

ዳታቤዙን በየሌሊቱ ራሱ ሰርቨሩ እንዲገለብጥ «ክሮን» ለሚባለው ሰዓት ጠባቂ ነገርኩት። እዚህ ላይ ሳቁብኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ብዬ አስቤ 8 ብዬ ጻፍኩ። ክሮን የፈረንጅ 8 ሰዓት አድርጎ ወሰደው፤ ያውም የሰርቨሩ ሰዓት የግሪንዊች ስለሆነ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ቅጂው ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ልክ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም ድረ ገጹ ላይ ስንሻማ ይነሣ ጀመር። ትክክለኛው ቁጥር 23 ነበር። ሳምንት ሙሉ «ኔቱ ነው» እያልን ኔቱን ስናማ ከረምን።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ሰርቨር ያለው ሰው እንደኔ ከዜሮ መጻፍ አያስፈልገውም። «አንሲብል» የሚባል፣ ማይክል ዲሃን በ2012 ያወጣው መሣሪያ አለ። እሱም በኤስኤስኤች ይገባል፤ ሰርቨሮቹ ላይ የራሱ ፕሮግራም እንዲጫንለት አይጠይቅም። ከማድረጉ በፊት «ይህን ላደርግ ነው» ብሎ የሚያሳይበት የሙከራ መንገድም አለው። ለአንድ ሰርቨር ግን ለአንድ ዶሮ በሬ የሚታረድበትን ቢላ መግዛት መሰለኝ።

አሁን የቀረው «ዘበኛ ፈትሽ» ነው። ከላይ ባነሳሁት በጊትላብ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ማጥፋቱ አይደለም። ድርጅቱ ቅጂ የሚይዝባቸው ከአንድ በላይ መንገዶች ነበሩት፤ በየቀኑ ይሠራል የተባለው አንደኛው በፕሮግራም እትም አለመጣጣም የተነሣ ከጊዜ በፊት ጀምሮ ሲከሽፍ ነበር፤ መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎች ደግሞ አልደረሱም። አለ የተባለ ቅጂ ተከፍቶ ካልታየ አለ አይባልም። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ቅጂውን ላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ እንደ ሙሉ ድረ ገጽ እናስነሳዋለን። ዘበኛም በዳታቤዙ ውስጥ የተመዘገቡትን የፎቶና የድምፅ ስሞች ፎልደሩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ጋር አንድ በአንድ ታነጻጽራለች። ተመዝግቦ ፋይሉ የሌለ ካገኘች ስሙን ትጽፋለች።

በየወሩ የሚወጣው ዝርዝር ያው ነው፤ ባለፈው ሚያዝያ የጠፉት። የሸክላ ሠሪዋ እናት ድምፅ ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ሪፖርቱ ንጹሕ እንዲሆን እነዚያን ስሞች ከዳታቤዙ ላውጣቸው ወይ ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ምን ያስቸኩልሻል? የአንዱ ስልክ ላይ ይገኝ ይሆናል» አሉኝ። ዝርዝሩ ከሰርቨሩ አሻራ አጠገብ ላብራቶሪው ውስጥ ተለጥፏል። በዚያ ዓመት ለጋዜጣው ያነሳው ፎቶ ወይም የቀዳው ድምፅ በስልኩ የቀረ ሰው ካለ መጥቶ ይመልከተው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚያው አለሁ።